በደጃፍ የተረገጠው ወንፊት

ቤታችሁ ስትገቡ የጫማችሁን ጭቃ የምትጠርጉበት ብረት ከየት እንደ መጣ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? አልጠየቃችሁም። ሰው ጫማውን ይፈትግና ይገባል፤ ደጃፍ ላይ የተቀመጠ ነገር ሁሉ ለመረገጥ የተፈጠረ ይመስለዋል። ሀዊም አልጠየቀችም። ሳትጠይቅ የቆየችበት ክረምት የአንዲት ልጅ ጣቶችን በላ።

ቤታቸው አዳማ ነው፣ ወደ ሶደሬ በሚያወጣው መንገድ በኩል። ደረጃው ላይ ክንድ የሚያህል የብረት ፍርግርግ ነበር፤ ዘንጎቹ ጎን ለጎን የተደረደሩ፣ ዳርና ዳሩ ብሎን የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች ያሉት። ባሏ ፍሬዘር ሐምሌ ውስጥ ሲሚንቶ አቡክቶ፣ እንዳይንሸራተት ግማሹን ደረጃው ውስጥ ቀብሮ አስቀመጠው። ትርፍ ብረት ነው አላት። ሀዊም ደስ አላት፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ለቤት ኅብረት ጸሎት የሚመጡት ምእመናን ጭቃቸውን ይዘው ሳሎን መግባታቸው ቀረ። ዘማሪዎቹ፣ ሽማግሌዎቹ፣ ፓስተር ይትባረክም ሳይቀሩ ጫማቸውን እዚያ ላይ ፈተግ ፈተግ ያደርጉና ነው ሰላም ለዚህ ቤት የሚሉት።

እሷ ግን ማወቅ የነበረባት ሴት ናት። ሀዊ የውሃ መሐንዲስ ነች። የምትሠራው ዓለም ጤና ከተማ ነው፤ ከቆቃ ሐይቅ ዳርቻ ውሃ እየሳቡ የሽንኩርትና የቲማቲም ማሳ የሚያጠጡ ፓምፖችን ትከታተላለች። በዚያ ክረምት እምቦጭ የሚባለው አረም ሐይቁን እንደ አረንጓዴ ምንጣፍ ሸፍኖት ነበርና፣ ገበሬዎቹ በፓምፑ መሳቢያ አፍ ላይ ያለውን ወንፊት እያወለቁ ሲጥሉ እየደረሰች መጨቃጨቅ ሥራዋ ሆነ።

ከእነሱ ሁሉ ተከራካሪው ጋሮምሳ ነው። አካም ጅርታ ብሎ ሰላምታ ይሰጥና ወዲያው ይጀምራታል።

"ኢንጂነር፣ እምቦጩ የሚዘጋው ወንፊቱን ነው አይደል? ወንፊት ከሌለ ምኑን ይዘጋል?"

ሰዎቹ ሳቁ። ሀዊም እየሳቀች፣ "ጋሮምሳ፣ የጓሮህ አጥር ላይ ላስቲክ እየተጠራቀመ አስቸገረኝ ብለህ አጥሩን ታፈርሰዋለህ?" አለችው። "አፍርሰውና ጅቡ ሲመጣ እንዳትጠራኝ።"

ጋሮምሳ እየተነጫነጨ ወንፊቱን መለሰ። እሷም ወደ አዳማ ተመለሰች፤ ደጃፏ ላይ ደርሳ የዓለም ጤናን ጭቃ ከጫማዋ በወንፊት ላይ ጠረገችና ገባች።

ፍሬዘር የጥርስ ሐኪም ነው። የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ፣ ሰው የሚያከብረው፣ ቤቱ ውስጥ አምፖል ሲቃጠል እንኳ ሌላ ሰው እንዲቀይረው የማይፈልግ። ከጥቂት ዓመት በፊት በጅቡቲ በኩል አንድ አሮጌ ጄት ስኪ አስመጣ። ላላየው ሰው፣ ጄት ስኪ ማለት ውሃ ላይ የሚሄድ ሞተር ብስክሌት ነው። ከውጭ የሚሽከረከር ነገር የለውም። ሆዱ ሥር ባለ ሰፊ አፍ ውሃውን ይስባል፤ ጉሮሮው ውስጥ ያለ ባለ ስለት መዘውር ውሃውን ጨምቆ በኋላው ይተፋዋል፤ የሚገፋው ያ የተተፋው ውሃ ነው። በአጭሩ ኮርቻ የተጫነበት ፓምፕ ነው። ሀዊ ይህን ታውቃለች። ግን ማሽኑን አትወደውም ነበር፤ ቅዳሜዋን ይወስድባታል። ግቢ ውስጥ ከማንጎው ሥር ተጎታቹ ላይ ሲቆም ፊቷን አዙራ ነው የምታልፈው። ጎንበስ ብላ ሆዱን አይታ አታውቅም።

ፍሬዘር ፓምፑን የሚጠግነው ራሱ ነበር። በስልኩ ቪዲዮ እያየ ይፈታዋል፣ ያጥበዋል፣ ይገጥመዋል። አዳማ በመካኒክና በቶርኖ ቤት የተሞላች ከተማ ናት፤ አንዱን አሳየው ሲሉት ይቆጣል።

"የሰው አፍ ከፍቼ ነርቭ የማወጣ ሰውዬ፣ አንድ ፓምፕ አቃተኝ ልበል?"

ክፋቱ ደግሞ እጁ መልካም ነበር። የቆቃ አሸዋ የበላውን፣ መዘውሩን የሚያቅፈውን ቀለበት ቀየረ። ድንጋይ የሸረፈውን የመዘውር ስለት በሞረድ አስተካከለ፤ ኩሽኔታውን ፈትሾ ግራሶ ቀባ። ሲጨርስ ማሽኑ እንደ አዲስ ሄደ። እጁ ያልታዘዘለት ሰው ይጠነቀቃል፤ የሚያስፈራው ያ ሁሉ የተሳካለት ሰው ነው።

ከዚያ ክረምቱ ገባ፣ እምቦጩም በዛ። ፍሬዘር ቆቃ ላይ ትንሽ ሄድ ሳይል አረሙ የማሽኑን አፍ ይጋርደዋል፤ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ እየነጨ ማጽዳት ነው። ያ አፍ ላይ ፍርግርግ አለ፤ አረሙንም ድንጋዩንም የሰው ልብስንም ወደ መዘውሩ እንዳያልፍ የሚያግድ። አንድ ቀን በንዴት ሊያወልቀው ሲታገል አንዱ ብሎን ቀዳዳው ውስጥ እንዳለ ተሰበረበት። ፍርግርጉን አወለቀው፣ መልሶም አልገጠመው። ከዚያ በኋላ ማሽኑ አረሙን እየፈጨ በረረ። ብረቱን መጣል ደግሞ አሳሳው። ደጃፉ ላይ ቀበረው።

ጥቅምት ላይ ቤተ ክርስቲያኑ የጥምቀት ጉዞ ወደ ላንጋኖ አዘጋጀ። ከሚጠመቁት መካከል የሀዊና የፍሬዘር ልጅ ሊዲ አለች፤ ጓደኛዋ ጂቱም አለች። ጂቱ የወንጂ ልጅ ናት። አባቷ ስኳር ፋብሪካው ውስጥ ይሠራል፤ እናቷ ጤናዬ በልጅነቷ ከከምባታ መጥታ ዕድሜዋን ሸንኮራ ማሳ ውስጥ የጨረሰች ሴት ናት። ልጅቱ አዳማ አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ ትማራለች፣ እሁድ እሁድ ደግሞ ለመዘምራኑ ኪቦርድ ትጫወታለች። ስትጫወት ዓይኗን ትጨፍናለች፤ በዚህ ሊዲ ሁልጊዜ ታሾፍባታለች፣ ተኝተሽ ነው እንዴ የምትዘምሪው እያለች።

ፍሬዘር ጄት ስኪውን ጎትቶ መጣ። ዋና የማይችል ሰው ቢንሸራተት ፈጥኖ የሚደርስ ያስፈልጋል ብሎ ራሱ ነው ሐሳቡን ያቀረበው። ፓስተር ይትባረክ በሰው ፊት አመሰገነው። የላንጋኖ ውሃ ቀይ ቡናማ ነው፤ ጉልበቱ ድረስ የገባ ሰው እግሩን አያይም። እምቦጭ ግን የለበትም። ይህን ልብ በሉ። ላንጋኖ ላይ አንዲት ቅጠል እምቦጭ አልነበረም።

ጠዋት ሐይቁ እንደ ሰሃን ተኝቶ ነበር። ፓስተሩና ሁለት ሽማግሌዎች ወገባቸው ድረስ ገብተው ቆሙ፤ ነጭ ሰፋፊ የጥምቀት ቀሚስ የለበሱት ልጆች ተራ በተራ ገቡ፣ ተነከሩ፣ ወጡ፤ ዳር ያለው ሕዝብ ዘመረ። ሊዲም ተጠመቀች። ከዚያ እርጥብ ቀሚሷን እንደ ለበሰች አባቷ ማሽኑ ላይ ከኋላው አስቀምጦ አንድ ዙር አዞራት፤ ሰው አጨበጨበ። ሀዊ ያን ቀሚስ፣ ጫፉ ውሃው ላይ ሲጎተት፣ በኋላ ሌሊት ሌሊት በሕልሟ ታየው ጀመር።

ምሳ ሲቃረብ የላንጋኖ ነፋስ ተነሣ። ማዕበሉ ከፍ ከፍ ሲል የቀረችው ጂቱ ነበረች። ተነክራ ስትነሣ ቀሚሷ ነፋስ ሞልቶት እንደ ፊኛ ተነፋ፤ ማዕበሉ እግሯን ከመሬት አላቀቀና ወደ ጥልቁ ወሰዳት። ዳር የነበሩት ጮኹ። ፍሬዘር ደረሰ። መድረሱን ማንም ሊክደው አይችልም፤ ባይደርስ ትሰጥም ነበር። ቀስ ብሎ ተጠጋትና ከኋላ ያዢ አላት። ሞተሩን አላጠፋም። ጂቱ በአንድ እጇ ማሽኑን ያዘች፤ በሌላው እጇ፣ እግሯ ላይ የሚጠመጠመውን ቀሚሷን ለመሰብሰብ ጨመደደችው። ያ ቀሚስ ሆዱ ሥር ገባ።

ሀዊ ዳር ቆማ ድምፁን ሰማች። አንድ ሳል፣ ከዚያ የታነቀ ማጉረምረም፣ ከዚያ ዝምታ። ያን ድምፅ ታውቀዋለች። ዓለም ጤና ላይ ወንፊት የሌለው ፓምፕ ጆንያ ሲውጥ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ይህ ሐሳብ በራሷ ውስጥ ብልጭ አለና ጩኸቱ አጠፋው።

ፍሬዘር ከማሽኑ ላይ ዘለለ፣ ቀሚሱን በቢላ ቆረጠው፣ ልጅቱን አቅፎ ወጣ። ቀኝ እጇ በጨርቁ ተጠቅልሎ አብሮ ገብቶ ነበር። ሆስፒታል አደረሷት፤ ነፍሷ ተረፈ። ሁለት ጣቶቿ ግን ተቆረጡ፣ የቀሩትም ደርቀው ቀሩ። ሐይቁ ዳር ልጅቱን ያስተኛት ፍሬዘር ነበር። ሰው ሁሉ ወደ ልጅቱ ሲሮጥ እሱ ብቻ ተመልሶ ማሽኑን ተጎታቹ ላይ አወጣ፣ ሸራ አለበሰው፣ ገመዱን አጠበቀ።

ሰው የማሽን ሆድ ጎንበስ ብሎ ከማየት ይልቅ ሰማይ ማየት ይቀለዋል። ዳር ላይ ተሰብስበው ገና ሲጸልዩ ነበር ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አቶ ቀነዓ፣ ይህ ተራ አደጋ አይደለም፣ የጠላት ውጊያ ነው ያለው። ያን ያህል ልጅ ተጠምቆ ለምን እሷ ብቻ? ጥያቄው አዳማ ድረስ አብሯቸው ተሳፈረ። በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ ጂቱን ሆስፒታል አልጋዋ ላይ እንዳለች ጠየቋት፤ የተሰወረ ነገር አለሽ ወይ፣ ለጠላት በር የከፈትሽበት ቦታ አለ ወይ እያሉ። ልጅቱ አስባ አስባ፣ መስከረም መጨረሻ ላይ ከአባቷ ጋር ቢሾፍቱ ኢሬቻ መሄዷን ነገረቻቸው። አባቷ እንደ አባቶቹ እርጥብ ሣር ይዞ ሐይቅ ዳር የሚያመሰግን ሰው ነው፤ እሷም ሣሩን ውሃ ነክራለች። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሐይቅ ዳር ሄዳለች፤ ሐይቅ ውስጥ ተያዘች። ነገሩ ተፈታላቸው። ከሆስፒታል ወጥታ ስትጠነክር እሁድ ቀን ጉባኤ ፊት ቆማ እንድትናዘዝ፣ እንዲጸለይላትም ተወሰነ። በሽማግሌዎቹ ወንበር ላይ ፍሬዘር አብሮ ተቀምጦ ነበር። የውሳኔውን አሜን አብሮ አለ።

ሀዊ እውነቱን ያገኘችው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ፍሬዘር ከክሊኒኩ ቀደም ብሎ መጥቶ፣ ማንጎው ሥር ጀርባው ላይ ተኝቶ፣ ከማሽኑ ሆድ ውስጥ በፒንሳ ክር ይጎትት ነበር። ነጭ ክር። እየጎተተ ጭኑ ላይ ይከምረዋል። ሀዊ ስልኩ ጠርቶ ልታቀብለው ሄደች። እጁ ግራሶ ስለ ነበር ጆሮው ላይ ልትይዝለት ቁጢጥ አለች፤ ያን ጊዜ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ማሽኑን ከሥር አየችው።

አፉ ገልጠጥ ብሏል። መዘውሩ ከጉሮሮው ውስጥ፣ ፍሬዘር በሞረድ የሳለው ስለት፣ በፀሐዩ ያብለጨልጫል። በአፉ ዙሪያ ባዶ የብሎን ቀዳዳዎች፤ አንዱ ውስጥ የተሰበረ ብሎን ጉማጅ። ስልኩን መሬት ላይ አስቀመጠችው። ተነሥታ ወደ ደረጃው ሄደች፣ እጇን በስንዝር ዘርግታ የፍርግርጉን ቀዳዳዎች ለካች። ተመልሳ ያንኑ ስንዝር አፉ ላይ ዘረጋች። ልክክ አለ።

"ፍሬ፣ የዚህ ወንፊት የት ነው?"

"የምን ወንፊት?"

ሀዊ በጣቷ ወደ ደረጃው አመለከተች። እሱ ፒንሳውን አስቀመጠ።

"እምቦጩ ይዘጋዋል" አለ በመጨረሻ። "እሱ ከሌለ የሚዘጋ ነገር የለም።"

የጋሮምሳ ቃል፣ እንዳለ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ። ገበሬው ግን ሲነገረው መልሶ ገጥሟል። ይኼኛው ሐኪም ነው፤ የሰው አፍ ሲከፍት ጓንት የሚያጠልቅ፣ መሣሪያውን ሁለት ጊዜ የሚቀቅል።

"ላንጋኖ ላይ እምቦጭ ነበር?" አለችው።

ልጅቱ ተርፋለች አለ። ሕክምናዋን ራሱ እንደሚከታተል፣ ሰው ሠራሽ ጣት የሚያሠሩ ሐኪሞች እንደሚያውቅ ነገራት። ቢናገር ማን ጥርሱን ይዞ እሱ ዘንድ ይመጣል? ሽምግልናውስ? ሊዲስ በየት በኩል አንገቷን ቀና አድርጋ ትሄዳለች? ሀዊ ይህን ሰው ትወደው ነበር፤ ልክ በዚያ ሰዓት እንኳ ትወደው ነበር። ትንሽ ጊዜ ስጪኝ፣ እኔው ራሴ እናገራለሁ አላት። ሰጠችው።

እየጠበቀች ሳምንታት አለፉ። ፍሬዘር ማታ ማታ ይጸልያል፣ ጠዋት ጠዋት ፊቷን ሳያይ ይወጣል። ማክሰኞ ማክሰኞ ምእመናኑ ይመጣሉ፤ ጫማቸውን ብረቱ ላይ ይፈትጋሉ፣ ይገባሉ፣ ለጂቱ ነፃ መውጣት ይጸልያሉ። ሊዲ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች መውጣት ጀመረች፤ ብረቱን እንደማትረግጠው ሀዊ አየች፣ ማን ነገራት ብላ ግን አልጠየቀችም። የጂቱ ኑዛዜ የሚሆንበት እሁድ ቀርቦ ነበር። ያኔ ሀዊ ወደ ወንጂ ሄደች።

ሸንኮራው ሊቆረጥ የሚቃጠልበት ጊዜ ነበር። ሰማዩ በቀትር ጠቁሯል፣ የተቃጠለ ቅጠል ጥላሸት እየተንሳፈፈ በሠራተኞቹ ካምፕ ጣሪያ ላይ፣ በተሰጣ ልብስ ላይ፣ በልጆች ፀጉር ላይ ይወርዳል። ጤናዬ የአንድ ክፍል ቤቷ በር ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ሀዊን ስታይ ተነሥታ፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ጉንጯን ሳመቻት። ባልሽ ልጄን ከሞት አውጥቶልኛል ብላ መረቀቻት። ሀዊ ምርቃቱን ቆማ ተቀበለች፤ እሾህ እንደ መዋጥ ነበር።

ጂቱ ውስጥ አልጋው ጫፍ ላይ ነበረች። ቀኝ እጇን ነጠላ ሥር ደብቃዋለች። ሊዲ የላከችላትን ብስኩት ተቀብላ አመሰገነች፣ ስለ ትምህርት ተጠይቃ መለሰች። ከዚያ ራሷ ነገሩን አነሣችው። እሁድ የምትናገረውን እየተለማመደች ነው። መጀመሪያ ስለ ኢሬቻው፣ ቀጥሎ ልቧ ሙሉ ስላልነበረ፣ በመጨረሻም ጉባኤውን ይቅርታ ትጠይቃለች፤ በእሷ ምክንያት የሌሎቹ ልጆች ጥምቀት ተረብሿልና።

"አባቴን ግን ስሙን አልጠራም" አለች። "ከዘመድ ጋር ሄድኩ ብል ውሸት ይሆናል እንዴ፣ እህት ሀዊ?"

ጤናዬ ከበሩ ላይ ሰምታ ገባች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረችው።

"እኔ የተማርኩ አይደለሁም፣ እህት ሀዊ። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ሰይጣን ያን ሁሉ ሰው ትቶ የእኔን ልጅ ለምን መረጠ?"

ሀዊ አፏን ከፈተች። ለፍሬዘር የሰጠችው ቃል አፏ ውስጥ ነበር። እሁድ ትሰሚያለሽ፣ አንቺም ነይ ብቻ አለቻት፤ አባቷም ይምጣ አለች። ወጥታ መኪናዋ ውስጥ ስትገባ መስታወቱን ጥላሸት ሸፍኖት ነበር። መጥረጊያውን ስታስነሣው ጥቁሩ ተለቅልቆ ባሰው።

ቤቷ ስትደርስ እግሯ በልማድ ብረቱን ፈለገ። የለም። ደረጃው ላይ የተፈለፈለ ሲሚንቶ፣ የዘንጎቹ ቅርጽ እንደ ጎድን አጥንት ታትሞበት ቀርቷል። አጠገቡ መዶሻና መሮ፣ ግማሽ ከረጢት ሲሚንቶ፣ በባልዲ ውሃ።

ፍሬዘር ማንጎው ሥር ነበር። የተሰበረውን ብሎን ቦርቡሮ አውጥቶታል፤ የተጣመመውን ፍርግርግ አቅንቶ፣ ጥቁር ቀለም ቀብቶ፣ በአዲስ ብሎኖች ማሽኑ አፍ ላይ ገጥሞታል። ሥራው እንደ ልማዱ ንጹሕ ነው። ሲያያት ፊቱ ላይ ከብዙ ሳምንት በኋላ ፈገግታ መጣ።

"ይኸው ተስተካከለ" አላት።

ሀዊ አየችው። ለማያውቅ ሰው ያ ብረት ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ ከቦታው ንቅንቅ ያላለ ይመስላል።

"እሁድ ትናገራለህ?"

ባልዲውን አንሥቶ ወደ ደረጃው ሄደ። ልጅቱ ራሷ ለመናገር ፈቅዳለች አለ። ይጸለይላታል፣ ሰው ያቅፋታል፣ ነገሩም ያበቃል። እሱ ደግሞ ዕድሜ ልኩን አይረሳትም፤ እንደ ልጁ ያስተምራታል። እውነት ጣት አያበቅልም፣ ሀዊዬ አላት። ይህን እያለ ሲሚንቶውን ያቦካ ነበር። ጎድን አጥንቱን በማንኪያው እየደለደለ ሞላው፣ አለሰለሰው፣ ውሃ ረጨበት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረጃው እንደ ግንባር ለስልሶ ነበር። ሀዊ ቆማ እስኪጨርስ ድረስ አየችው። አላገደችውም። እጁ ምን ያህል እንደሚያምር ታስብ ነበር፤ ያ ያማረ እጅ መጀመሪያ ወንፊቱን አነሣ፣ አሁን ደግሞ ያነሣበትን ይቀብራል።

እሁድ አዳራሹ ሞላ። የቆርቆሮው ጣሪያ ሙቀቱን ይተፋል፣ ምእመናኑ በመዝሙር ወረቀት ይራገባሉ። ኪቦርዱ ጨርቅ እንደ ለበሰ ጥግ ቆሟል፤ የሚጫወተው ስላልነበረ ያለ እሱ ዘመሩ። ጤናዬ ከኋላ ወንበር ላይ፣ አጠገቧ የጂቱ አባት፣ በእንግዳ ቤት ሰው እንደሚቀመጠው ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። ፍሬዘር ከፊት በሽማግሌዎቹ ተርታ፣ ከአቶ ቀነዓ ቀጥሎ። ፓስተር ይትባረክ የምስክርነት ሰዓት መድረሱን ተናገረና ጂቱን በስሟ ጠራት። ልጅቱ ነጠላዋን እጇ ላይ እየጎተተች ወጥታ መድረኩ ሥር ቆመች። ድምፅ ማጉያውን በግራ እጇ ተቀበለች።

ሀዊ ተነሣች።

"ፓስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እሷ ከመናገሯ በፊት እኔ የምጠይቀው አለ።"

ፓስተሩ በትሕትና ተራ እንዳለ ነገራት፣ ከልጅቷ ቀጥሎ ዕድል እንደሚሰጣት። ሀዊ ግን በመተላለፊያው መሄድ ጀምራ ነበር። ጂቱ ጋ ስትደርስ ድምፅ ማጉያውን ከእጇ ቀስ ብላ ወሰደች፤ ሌላ እጇን ትከሻዋ ላይ አኖረች። ወደ ሕዝቡ ዞረች።

"ማክሰኞ ማክሰኞ ቤቴ የምትመጡ ሁሉ" አለች፣ "ጫማችሁን የምትጠርጉት ምን ላይ ነበር?"

አንድ ሁለት ሰው ሳቅ አለ፤ ቀልድ መስሏቸው። አቶ ቀነዓ ወደ ጫማው ዝቅ ብሎ አየ። ከመዘምራኑ አንዲት ልጅ፣ ግራ እየገባት፣ ብረቱ ላይ ነዋ አለች።

"ብረቱ ላይ" አለች ሀዊ። "ከሐምሌ ጀምሮ። እዚህ ከፊት የተቀመጣችሁት ሁሉ ረግጣችሁታል፤ እርስዎም ፓስተር፣ እኔም። ዛሬ ሄዳችሁ ብታዩ የለም። ቦታው በሲሚንቶ ተለስኗል። ብረቱ አሁን ያለው ጂቱን በያዛት ማሽን አፍ ላይ ነው፤ የተገጠመው ሐሙስ ዕለት ነው። የተሠራው ለዚያ አፍ ነበር፤ ልብስና እጅ ወደ ስለቱ እንዳይገባ የሚከለክል ወንፊት ነው። እኔ መሐንዲስ ነኝ፤ በስንዝሬ ለክቼዋለሁ። ካወቅሁም በኋላ እስከ ዛሬ ዝም ብያለሁ፤ ለዚያ በኋላ ትጠይቁኛላችሁ። ይህች ልጅ የምትናዘዘው ነገር የላትም።"

ጤናዬ ከኋላ ብድግ አለች። ፓስተሩ እጁን አነሣ፣ መልሶ አወረደው። ሊዲ ከመዘምራኑ መካከል ወጥታ መጥታ ጂቱ አጠገብ ቆመች፤ አባቷን አላየችውም። ሰው ሁሉ ግን እሱን ያይ ጀመር። ፍሬዘር ጉልበቱ ላይ ያሉትን እጆቹን ይመለከታል፣ የማንም እንዳልሆኑ ሁሉ።

ሀዊ ድምፅ ማጉያውን ወደ እሱ ዘረጋች።

"ፍሬዘር፣ ተነሣ። ለእኔ ማንጎው ሥር መልሰህልኛል፤ ያ አይበቃም። ልጅቷ ይኸው ቆማለች። እናቷና አባቷ ከወንጂ መጥተው ከኋላ ተቀምጠዋል። ላንጋኖ የሄድን ዕለት ያ ወንፊት የት ነበር? ማን አነሣው? በዚህ ሕዝብ ፊት መልስ።"